አፖሎ 8፦ ሰው መጀመሪያ ወደ ጨረቃ የሄደባቸው ሰባት ቀናት

የጨረቃ ጉዞ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኒል አርምስትሮንግና አፖሎ 11 ነው። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ድረስ የሄደው ግን ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1968 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1961 ዓ.ም.። ተጓዦቹ አዛዡ ፍራንክ ቦርማን፣ የአቅጣጫ ሥራውን የያዘው ጂም ላቭልና ቢል አንደርስ ነበሩ። ጨረቃ ላይ አልወረዱም፤ ዐሥር ጊዜ ዞረዋት ተመለሱ። በእኔ እምነት ከአፖሎ ጉዞዎች ሁሉ ትልቁን ድፍረት የጠየቀው ይኸኛው ነው።

ጉዞው ቀድሞ እንዲህ አልታሰበም ነበር። ጨረቃ ላይ የምታርፈው ትንሿ መንኮራኩር ሥራዋ ዘግይቶ ስለነበር፣ በኦገስት 1968 የናሳው መሐንዲስ ጆርጅ ሎው አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ማረፊያዋን ከምንጠብቅ ዋናዋን መንኮራኩር ብቻዋን ጨረቃ ድረስ እንላካት። ሶቪየት ኅብረትም በሩጫው ላይ ነበረች፤ በሴፕቴምበር ዞንድ 5 የተባለችው መንኮራኩሯ ኤሊዎች ጭና ጨረቃን ዞራ ምድር ገባች። ከሎው ሐሳብ እስከ መነሻው ለዝግጅት የነበረው ጊዜ አራት ወር ብቻ ነበር።

ሮኬቱም ገና አልታመነም። ሳተርን 5 ከዚያ በፊት የበረረው ሁለት ጊዜ፣ ያውም ሰው ሳይዝ ነው። ሁለተኛው በረራ፣ የኤፕሪል 1968ቱ አፖሎ 6፣ ብዙ ነገር ተበላሽቶበታል፤ ሮኬቱ ወደ ላይና ወደ ታች ክፉኛ ተንቀጠቀጠ፣ ከሁለተኛው ደረጃ (ሮኬቱ በተራ የሚነድዱ ሦስት ክፍሎች አሉት) አምስት ሞተሮች ሁለቱ ያለጊዜያቸው ጠፉ፣ ሦስተኛው ደረጃም እንደገና አልነሳ አለ። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን አገኙት። ለሞተሩ ማቀጣጠያ ነዳጅ የምታደርሰው ቀጭን ቱቦ እንደልብ እንድትታጠፍ የተሸበሸበ ክፍል ነበራት። ምድር ላይ ስትፈተሽ ቅዝቃዜው በላይዋ የሚያጋግረው በረዶ ንዝረቷን ይይዝላታል። አየር በሌለበት ጠፈር ግን በረዶ አይጋገርም፤ ቱቦዋ ተርገብግባ ተሰበረች። የተሸበሸበ ክፍል በሌላት ወጥ ቱቦ ተተካች። ለመንቀጥቀጡ ደግሞ በፈሳሽ ኦክስጅኑ መስመር ላይ ሂሊየም ጋዝ ገብቶ ግፊቱን እንዲያለዝብ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ሌላ የሙከራ በረራ ሳይደረግ ሦስት ሰው ተጫነበት።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 21 (ታኅሣሥ 12)

መነሻው ፍሎሪዳ፣ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል፣ 39ኤ መድረክ፤ ሰዓቱ በዚያው አገር ከጠዋቱ 1፡51፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9፡51። ሮኬቱ 110 ሜትር ይረዝማል። የታችኛው ደረጃ አምስት ሞተሮች ኬሮሲንና ፈሳሽ ኦክስጅን በሰከንድ 13 ቶን ገደማ እያነደዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሠሩ። አንደርስ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲናገር፣ የሥልጠናው ማሽን ለዚህ መንገጫገጭ ጨርሶ እንዳላዘጋጃቸው ያስታውስ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ ድንገት ሲጠፋ ወደ ፊት የሚወረወር መስሎት እጁን ወደ ፊቱ አነሳ፤ በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ደረጃ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲደፍቀው የጓንቱ ብረት ቀለበት የራስ ቁሩን መስታወት ጫረው። ጀማሪነቱ እንዳይታወቅበት ሰግቶ ነበር፤ በኋላ ሲያይ የሁለቱ ነባሮች መስታወትም ተጭሯል።

ከ11 ደቂቃ ተኩል በኋላ ከምድር በ185 ኪሎ ሜትር ከፍታ መዞር ጀመሩ። ያለው ጊዜ ሁለት ዙር ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ መሣሪያው ሁሉ ይፈተሻል፣ ከዚያ ወይ ወደ ጨረቃ ወይ ወደ ቤት። ፈቃዱን ከሂዩስተኑ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሬዲዮ ያስተላለፈው ማይክል ኮሊንስ ነው። ኮሊንስ የዚህ ጉዞ አባል ነበር፤ የአንገት ቀዶ ሕክምና ስላስፈለገው ነው ቦታው ለላቭል የተሰጠው። ከተነሱ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲሆን ሦስተኛው ደረጃ እንደገና ተቀጣጠለ፤ 5 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነዶም ፍጥነታቸውን በሰከንድ ወደ 10.8 ኪሎ ሜትር አደረሰው። ማንም ሰው በዚህ ፍጥነት ሄዶ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ያጋጠማቸው ትናንሽ ችግር ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ትንሽ የሚባል ችግር የለም። ላቭል ከመቀመጫው ሲነሳ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያው ገመድ ተይዞ ተነፋበት። ሰደርያው የሚነፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ እንዳይለቁት ደግሞ አየር የሚያጣራው የሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ቆርቆሮ ያለ ዕቅዱ ይጫንበታል። ስለዚህ ጋዙ በሽንት ማስወገጃው ቱቦ በኩል ወደ ውጭ ተለቀቀ። የተለያቸው ሦስተኛ ደረጃም በቅርብ እየተከተለ ስላስቸገረ ቦርማን በትንንሾቹ የማዘንበያ ሞተሮች ሁለት ጊዜ እየገፋ መራቅ ነበረበት።

ከዚያ መንኮራኩሯን በጎኗ አስተኝተው በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ቀስ ብላ እንድትሽከረከር አደረጓት። አንዱ ጎን ያለማቋረጥ ፀሐይ ቢመታው ሌላው ይቀዘቅዛል፤ ቱቦ ይረጋል፣ ታንክ ይግላል። እሳት ላይ እንደሚገላበጥ ጥብስ መዞሯ ሙቀቱን ያካፍላል።

ከተነሱ በ11ኛው ሰዓት ዋናው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተነ። ይህ ሞተር ስለ ጉዞው ብዙ ያስረዳል። አንድ ነው፤ ምትክ የለውም። በኋለኞቹ ጉዞዎች ማረፊያዋ መንኮራኩር የራሷን ሞተር ይዛ ስለምትሄድ አደጋ ሲመጣ መውጫ ትሆናለች፤ የአፖሎ 13 ሰዎች የዳኑትም በእሷ ነው። አፖሎ 8 ግን ይህ አልነበራትም። ስለዚህ ሞተሩ ሊበላሽ የሚችል ነገር እንዲቀንስለት ሆኖ ነው የተሠራው፤ ነዳጁን የሚገፋው በፓምፕ ፋንታ የሂሊየም ግፊት ነው፤ ማቀጣጠያም የለውም፤ ሁለቱ ፈሳሾች እንደተገናኙ በራሳቸው ይነዳሉ። ሙከራው 2.4 ሰከንድ ብቻ ነበር። ያገኙት ፍጥነት ከታሰበው በሰከንድ 1.3 ሜትር አነሰ። ምክንያቱ መስመሩ ውስጥ የቀረ የሂሊየም አረፋ መሆኑን መሐንዲሶቹ ቁጥሩን አይተው ለዩት፤ አረፋው በዚያው በሙከራው ስለወጣ ጉዞው ቀጠለ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 22

ሁልጊዜ አንድ ሰው ነቅቶ እንዲጠብቅ ስለታቀደ ቦርማን ቀድሞ ሊተኛ ሞከረ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ኪኒን ወሰደ። ሲነቃ አስመለሰው፣ ሆዱም ተበጠበጠ። ክብደት በሌለበት ክፍል ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ተንሳፋፊ ጠብታ በወረቀት እየተያዘ ጸዳ። ነገሩን ዓለም በሚሰማው ሬዲዮ መናገር ስላልፈለጉ ድምፃቸውን በቴፕ ቀድተው ላኩ፤ ሂዩስተን እስኪያዳምጠው ግን ሰዓታት አለፉ። ሐኪሞቹ ጉንፋን ወይም የኪኒኑ ጠንቅ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ዛሬ በጠፈር ሕመም ይመደባል። ቦርማንና ላቭል በ1965 በጄሚኒ 7 ዐሥራ አራት ቀን አብረው ሲበሩ ይህ አልደረሰባቸውም፤ ጄሚኒ ውስጥ ከመቀመጫ መነሻ ቦታ የለም። አፖሎ ውስጥ ሰው መንሳፈፍ፣ መገልበጥ ይችላል፤ የጆሮ ሚዛን የሚናወጠውም ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ስርጭት ተላለፈ። ምድርን ሊያሳዩ ፈልገው አልሆነም፤ በአቅራቢው ሌንስ ምድር ከመጠን በላይ ደምቃ ነጭ ነጥብ ብቻ ሆነች። ከአምስቱ መስኮቶች ሦስቱም ጉም ለብሰዋል፤ በዙሪያቸው ያለው የሲሊኮን ማሸጊያ አየር በሌለበት ተን እየለቀቀ መስታወቱን አደበዘዘው። በደንብ የሚያሳዩት ሁለቱ ፊት ለፊት ያሉት ጠባቦች ነበሩ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 23

የሁለተኛው ስርጭት ጊዜ የፎቶ ካሜራ ማጣሪያ በቴሌቪዥን ካሜራው ሌንስ ላይ በፕላስተር ተለጠፈ፤ ሰውም ለመጀመሪያ ጊዜ ምድርን ከ320,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት በቀጥታ ስርጭት አየ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ55ኛው ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከጨረቃ 62,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው፣ የጨረቃ ስበት ከምድር ስበት በለጠ። እስከዚያ ፍጥነታቸው እየቀነሰ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ መጨመር ያዘ። በ61ኛው ሰዓት ትንንሾቹ ሞተሮች 11 ሰከንድ ሠርተው መስመሩን አስተካከሉ።

መንገዱን ሁሉ ላቭል በሴክስታንት ኮከብና የምድርን ወይም የጨረቃን ጠርዝ እያነጣጠረ አንግል ይለካና ለኮምፒውተሩ ይሰጥ ነበር። የኮምፒውተሩ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ 36,864 ቃል፣ ተለዋዋጩ 2,048 ቃል ብቻ ነው። ዋናውን ስሌት የያዘችው ሂዩስተን ብትሆንም ሬዲዮ ቢቋረጥ ሰዎቹ በራሳቸው ልኬት መመለስ እንዲችሉ ታስቦ ነው ይህ ሁሉ። የላቭል ልኬት ከምድር ራዳር ስሌት ጋር መግጠሙ ከዚህ ጉዞ ትልልቅ ውጤቶች አንዱ ነው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 24 (የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ)

እስካሁን ጨረቃን አላዩዋትም። መንኮራኩሯ ወደ ጨረቃ የምትበረው ጀርባዋን ሰጥታ ነው፤ ጨረቃም በፀሐይ አቅጣጫ ነበረች። በ69ኛው ሰዓት መግቢያ ከጨረቃ ጀርባ ሲገቡ ሬዲዮው ስሌቱ በተነበየባት ሰከንድ ተቋረጠ፤ ቦርማን ሂዩስተን ሆን ብላ ያጠፋችው እስኪመስለው። አንደርስ ያቺን ሰዓት ሲያነሳ ደጋግሞ የሚናገረው ስለ ከዋክብቱ ነው፦ ፀሐይም ምድርም ሲሰወሩ ሰማዩ በከዋክብት ሞላ፤ ዞር ሲል ግን አንድም ኮከብ የሌለበት ድፍን ጨለማ አየ። ያ ጨለማ ጨረቃ ራሷ መሆኗ ሲገባው የማጅራቱ ፀጉር ቆመ።

ፍጥነታቸውን ቀንሶ ጨረቃን እንዲዞሩ የሚያደርጋቸው ሞተር የሚሠራው እዚህ፣ ምድር በማትሰማበት ቦታ ነው። ባይነሳ መስመሩ ራሱ ጨረቃን አዙሮ ወደ ምድር ይመልሳቸዋል፤ ችግሩ በከፊል ቢሠራ ነው። ቀድሞ ቢጠፋ ወደማይታወቅ አቅጣጫ ይወረወራሉ፤ ከልኩ በላይ ቢነድ ጨረቃ ላይ ይከሰከሳሉ። 4 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነደደ። ላቭል በሕይወቱ እንደዚህ የረዘመ አራት ደቂቃ እንዳላሳለፈ ተናግሯል። ምህዋሩ በአንድ በኩል 112፣ በሌላው 311 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ከሁለት ዙር በኋላ በአጭር ንድድ ከጨረቃ በ112 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ክብ ሆነ። አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ላቭል ላዩን ግራጫ፣ ቀለም አልባ፣ ጂብሰም ወይም ግራጫ የባሕር ዳርቻ አሸዋ የሚመስል ብሎ ገለጸው። ዋናው ሥራ ፎቶ ማንሳት ነበር፤ በተለይ ለወደፊቱ ማረፊያ የታሰበውን የጸጥታ ባሕር። የመነሻው ቀንም የተመረጠው በዚያ ቦታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ጥላ እንድትጥል ታስቦ ነው፤ ጥላ ከሌለ ጉድጓድና ድንጋይ አይለይም። እዚያው አካባቢ ላቭል አንዱን ባለ ሦስት ማዕዘን ተራራ በባለቤቱ ስም ማሪሊን አለው፤ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ስሙን ያጸደቀው በ2017 ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች የመስኮቶቹ አቅጣጫ ስላልፈቀደ ምድር ከጨረቃ አድማስ ስትወጣ ማንም አላያትም። በአራተኛው ዙር ቦርማን መንኮራኩሯን በጎኗ እያዞረ ሳለ አንደርስ በመስኮቱ ጥግ አያት። በእጁ ያለው ሃሰልብላድ ካሜራ 250 ሚሊ ሜትር ሌንስና የጥቁርና ነጭ ፊልም ነበረበት፤ አንድ አነሳበትና ላቭል የቀለም ፊልም እንዲያቀብለው አጣደፈው። ፊልሙ ሲቀየር ምድር ከዚያ መስኮት አልፋ ነበር፤ ላቭል በሌላኛው አገኛት። አንደርስ በሰከንድ 1/250፣ በf/11 መክፈቻ አነሳ። ይህ ፎቶ በበረራ ዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የምናየው ደግሞ ዘወር ተደርጎ የታተመ ነው፤ አንደርስ እንዳየው ከሆነ የጨረቃ አድማስ በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል። «የምድር መውጣት» የሚታየውም ለሚዞር ሰው ነው፤ ጨረቃ ላይ ለቆመ ሰው ምድር ከቦታዋ እምብዛም አትንቀሳቀስም።

ሰባተኛው ዙር ላይ ድካም ጎዳቸው። የመተኛ ሰዓቱ የተለያየ ስለነበር አንዱ ሲሠራ ሌላው አይተኛም፤ ስህተትም በረከተ። ቦርማን የቀረውን የፎቶ ዕቅድ ሰርዞ ላቭልና አንደርስ እንዲተኙ አዘዘ። አንደርስ ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ አዛዡ አልሰማውም። ጨረቃ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ደቂቃ ስንት እንደምታወጣ እያወቀ ያን ማዘዙን ከአመራሩ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው የመመለሻ ንድድ ንቁ አእምሮ ይፈልጋል።

በፍሎሪዳ ሰዓት ከምሽቱ 3፡30 አካባቢ፣ በዘጠነኛው ዙር፣ እሳት በማይበላው ወረቀት ተጽፎ በበረራ ዕቅዱ ውስጥ የተቀመጠውን ምንባብ ሦስቱም በየተራ አነበቡ፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ከቁጥር 1 እስከ 10። አንደርስ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ከሚለው ጀመረ፣ ላቭል ቀጠለ፣ ቦርማን ጨረሰ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 25

ከተነሱ 89 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሲሆን፣ እንደገና ከጨረቃ ጀርባ፣ ያው አንድ ሞተር ተቀጣጠለ። አሁን አማራጭ የለም፤ ባይነሳ እዚያው እየዞሩ ይቀራሉ። 203 ሰከንድ ነደደና ፍጥነታቸውን በሰከንድ ከ1,000 ሜትር በላይ ጨመረ። ከሂዩስተን ኬን ማቲንግሊ ደጋግሞ እየጠራ ሳለ ላቭል መልስ ሰጠ፤ የገና አባት መኖሩን አውቃችሁ ያዙ አላቸው።

የምግብ ሳጥኑን ሲከፍቱ በአረንጓዴና ቀይ ሪባን የታሰረ የቱርክ ዶሮ ሥጋ ከነመረቁ አገኙ። በማንኪያ የሚበላ እውነተኛ ምግብ ነበር፤ እስከዚያ የበሉት በአብዛኛው በውሃ የሚርስ ደረቅ ነገር ነው። ሦስት ትንንሽ የብራንዲ ጠርሙሶችም ነበሩ፤ ቦርማን እንዳይከፈቱ አደረገ።

በ104ኛው ሰዓት የመመለሻው ብቸኛ የመስመር ማስተካከያ ተደረገ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቶ ደግሞ የደከመው ላቭል ኮከብ ቁጥር 01 ብሎ ሊያስገባ ሲል ፕሮግራም 01ን ጠራ። ይህ ፕሮግራም ከመነሳት በፊት የሚሠራ ነው፤ ኮምፒውተሩም መንኮራኩሯ ፍሎሪዳ መድረክ ላይ የቆመች መሰለውና የነበረውን የአቅጣጫ ልክ ደመሰሰው። ላቭል ሪጀልና ሲሪየስ የተባሉትን ከዋክብት በሴክስታንቱ ፈልጎ አቅጣጫውን እንደገና አሰመረ። የሶፍትዌሩን ሥራ የምትመራው ማርጋሬት ሃሚልተን እንዲህ ያለውን ስህተት የሚከለክል ኮድ እንዲጨመር ቀደም ብላ ጠይቃ፣ የሠለጠነ ጠፈርተኛ አይሳሳትም ተብላ ነበር። ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ በአፖሎ 13 ላቭል መሰል ሥራ በባሰ ሁኔታ መሥራት ነበረበት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 26

ጸጥ ያለ ቀን ነው፤ እረፍት፣ አንድ የቴሌቪዥን ስርጭት፣ የዕቃ ማሰሪያ። ዕቃ ማሰር ቀላል አይምሰል፤ ወደ ከባቢ አየር ሲገቡ ክብደት ሰባት እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል ያልታሰረ ካሜራ ሰው ይመታል። ከመመለሻ ንድዱ ወዲህ ሞተር እየነዳቸው አልነበረም፤ ማን ነው የሚነዳው ተብሎ ሲጠየቅ አንደርስ አብዛኛውን የሚነዳው አይዛክ ኒውተን ነው ብሎ የመለሰው ለዚህ ነው።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 27

ከመግቢያው 15 ደቂቃ ቀድሞ ዋናውን ሞተር የያዘው ክፍል ተቆርጦ ቀረ። ሾጣጣዋ ክፍል በራሷ ባትሪ ብቻ፣ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር፣ ከአድማስ በ6.5 ዲግሪ ቁልቁል ገባች። የተፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ዲግሪ ያህል ነው፤ ከዚያ ከቀለለ አየሩ ላይ ነጥራ ወደ ጠፈር ትመለሳለች፣ ከከበደ ግፊቱ ሰዎቹን ይጎዳል። ጋሻው እየነደደ በመላጥ ሙቀቱን ይዞ እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ ውጭው ወደ 2,700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ውስጥ ያሉት ደህና ነበሩ። ክብደታቸው እስከ 6.8 እጥፍ ወጣ። ኮምፒውተሩ ክፍሏን እያዘነበለ ትንሽ ወደ ላይ አነሳትና እንደገና አወረዳት። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ሦስቱ ትልልቅ ጃንጥላዎች ተከፈቱ።

ከተነሱ ከ147 ሰዓት በኋላ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከሃዋይ ደቡብ ምዕራብ ፓሲፊክ ላይ ወደቁ። ነፋሱ ጃንጥላዎቹን ጎትቶ ክፍሏን ገለበጣት፤ ሦስቱ የአየር ከረጢቶች እስኪነፉና እስኪያቃኗት ስድስት ደቂቃ ያህል ቀበቷቸው ላይ ተንጠልጥለው ቆዩ። ቦርማንን ማዕበሉ እንደገና አስመለሰው። ጠላቂዎቹ እስኪነጋ ስለጠበቁ ዮርክታውን መርከብ ላይ የወጡት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ነው።

በኋለኛ ዘመናቸው ሦስቱም ያንኑ ጉዞ በየራሳቸው ዓይን ይተርኩት ነበር። ቦርማን የሄድኩት ሶቪየትን ለመቅደም ነው ይል ነበር፤ ጨረቃ ላይ ለመራመድም ጉጉት አልነበረውም። ላቭል የሚያስታውሰው አውራ ጣቱን መስኮቱ ላይ ሲያደርግ ምድር በሙሉ መሸፈኗን ነው። አንደርስ ጨረቃን ሊመረምሩ ሄደው ያገኙት ምድርን መሆኑን ይናገር ነበር፤ ከመነሳቱ በፊት ግን ያለመመለስ ዕድሉን አንድ ሦስተኛ አድርጎ ገምቶ ነበር። ቦርማን በኖቬምበር 2023 በ95 ዓመቱ፣ አንደርስ በጁን 2024 በ90 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ፣ ላቭል በኦገስት 2025 በ97 ዓመቱ አረፉ።

ናሳ ከጉዞው የወሰደው ደግሞ ቶሎ ሥራ ላይ ዋለ። የመስኮቶቹ ማሸጊያ ከመገጠሙ በፊት አየር በሌለበት ክፍል ተሙቆ ተኑ እንዲወጣ ተደረገ። ሦስቱም ሠራተኞች በአንድ ሰዓት እንዲተኙ፣ በዚያ ጊዜም መሣሪያውን ሂዩስተን እንድትከታተል ተወሰነ። የጸጥታ ባሕር ፎቶዎች ለአፖሎ 10ና 11 ሠራተኞች መለማመጃ ሆኑ።